አንድ ማንኪያ የዓሣ ዘይት

በጤና ጣቢያው ግቢ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር በተደረደሩት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ከተቀመጡት ሴቶች ሁሉ ልጅ ያላቀፈች ዋጋነሽ ብቻ ነበረች። የሌሎቹ ልጆች በየእናቶቻቸው ጭንና ጀርባ ላይ ተለጥፈው ይነጫነጫሉ፣ ይጠባሉ፣ ያንቀላፋሉ። እሷ ያመጣቻት የአምስት ዓመት ልጅ ግን በመሃላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተትቶ፣ በአግዳሚው ጫፍ ላይ ለብቻዋ ተቀምጣለች። እግሮቿ መሬት አይነኩም። በሳለች ቁጥር የዋጋነሽ እጅ ወደ እሷ ይዘረጋና መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀይሮ ይመለሳል፤ ነጠላ ያስተካክላል።

አጠገቧ ያለችው ሴት የራሷን ልጅ እያጠባች ልጅሽ ናት ወይ ብላ ጠየቀቻት። ዋጋነሽ የጎረቤቴ ልጅ ናት አለቻት። ምላሷ አልተደናቀፈም፤ ይህን መልስ አምስት ዓመት ሙሉ ሲለማመድ የኖረ ምላስ ነው። ሴትየዋ፣ ታዲያ እናቷ የት ሄዳ ነው አንቺ የምትንከራተቺላት አለችና መልስ ሳትጠብቅ ልጇን ወደ ሌላው ጡቷ አዞረች።

ሺ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ከገባ ሁለተኛ ሳምንቱን ይዟል። ዝናቡ ገና አልከረረም። በስተምዕራብ ግን የወጨጫ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ጫፉ አልታየም፤ ከዚያ በኩል የሚመጣው ነፋስ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። የኮልፌ ሰው ይህን ነፋስ ያውቀዋል። ጣሪያውን ይደፍናል፣ ማገዶውን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ለፈጣሪ ትቶ ይቀመጣል።

ሲስተር ሙሉወርቅ በረንዳው ላይ፣ ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር ቆማ በአንድ እጇ ቡናማ ጠርሙስ፣ በሌላው ማንኪያ ይዛ ለሴቶቹ ታስረዳለች። ገና የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ነገር ግን ሴቶቹን ሁሉ፣ የሚበልጧትንም የማይበልጧትንም፣ «እናት» እያለች ነው የምትጠራው። ይህ የዓሣ ዘይት ነው አለች። ጉንፋን የያዘውን አያድንም። ሥራው ከጉንፋን በፊት ነው፤ ዛሬ የተጀመረ እንደሆነ በየቀኑ አንድ ማንኪያ እየወሰደ የልጁ ሰውነት ይጠነክራል፣ በሐምሌ ብርድ ሲመጣ ሰውነቱ የሚመክትበት ኃይል ያገኛል፣ ጉንፋኑም ወደ ሳንባ ሳይወርድ እዚያው አፍንጫ ላይ ይቀራል። የተላከልን ጥቂት ነው፣ ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው፣ ከዚህ በኋላ እስከ መስከረም አይመጣም አለች።

ከኋላ ያለች አንዲት ጠይም ሴት፣ ጾም ያስገድፋል ወይ ብላ ጠየቀች። ሲስተር ሙሉወርቅ ሕፃን አይጾምም ስትላት፣ እሱስ አይጾምም፣ እኔ ማንኪያውን ስልሰው ለነፍሴ ማን ይጠየቅልኛል አለች። ግቢው ሳቀ። ዋጋነሽም ሳቀች፤ ከዚያ ስትስቅ ራሷን ሰማችና ደነገጠች።

እሷ ከዚህ በፊት አራት ልጆች ስትወልድ ከጉንፋን በፊት የሚሰጥ ነገር መኖሩን አታውቅም ነበር። አራቱም በክረምት ነው የሄዱት፤ የመጀመሪያው በሐምሌ፣ ሁለቱ በነሐሴ፣ አራተኛዋ ክረምቱ አለፈ ተብሎ ዕንቁጣጣሽ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው። አንዳቸውም ሁለተኛ ዓመታቸውን አልደፈኑም። ሰፈሩ ሾተላይ አላት አለ። ባሏ መሸሻ አራተኛዋን ከቀበረበት ቀን ጀምሮ ገበያ ካለው የቆጮ መደቡ የሚመለሰው እየመሸ ነው፣ ቤት ውስጥም እንደ እንግዳ በሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው።

አምስተኛዋ ስትወለድ አሮጊቶቹ መከሯት። የሚወስድብሽ ነገር ቤትሽን ለምዶታል፣ ልጅ ማግኘትሽን እንዳያውቅ አድርጊ አሏት። በሦስተኛው ቀን ማለዳ መሸሻ ሕፃኗን በአሮጌ ጨርቅ ጠቅልሎ ከጓሮ ያለው ጉድፍ ላይ አስቀመጣትና ወደ ኋላ ሳያይ ገባ። አስቀድሞ በተነጋገሩት መሠረት የደጃቸው ጎረቤት ዙቤዳ በዚያ አለፈች። አነሳቻትና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ የወደቀ ልጅ አገኘሁ፣ ከእንግዲህ ልጄ ናት ብላ ለሰፈሩ አሰማች። የሙስሊም ቤት የተመረጠውም ሆን ተብሎ ነው፤ ያ ነገር የክርስቲያን ልጅ ፍለጋ እዚያ አይገባም ተብሎ። ከዚያም ዙቤዳ ሕፃኗን ይዛ የዋጋነሽን በር አንኳኳች። ጡት የለኝም፣ እባክሽ አጥቢልኝ አለቻት። ዋጋነሽ የገዛ ልጇን ለሌላ ሰው ብላ አጠባች።

ስሟንም ያወጣችው ዙቤዳ ናት፤ ጥራጊ። ተጠርጎ የተጣለ ነገር ማን ይመኛል። በሰማንያ ቀኗ ያለ ድግስ ክርስትና ስትነሳ የወጣላትን ስም ከቄሱና ከክርስትና እናቷ በቀር የሚያውቀው የለም። ጥራጊ የምትተኛው ዋጋነሽ ቤት፣ ከመደቡ በታች ነው፤ የቀኑ የመጀመሪያ ጉርሻዋ ግን ከዙቤዳ እጅ ነው። ዋጋነሽን «እትዬ» ትላታለች። ለክትባት ስትሄድ የወሰደቻት ዙቤዳ ናት፣ በካርዱ ላይ የእናት ስም ተብሎ የተጻፈውም የዙቤዳ ነው። ዋጋነሽ በእነዚህ አምስት ዓመታት ውስጥ አንድ ቀን ልጄ ብላ አታውቅም። በሆዷ ሊመጣባት ሲል እንኳ ሌላ ነገር ታስባለች።

እናም ልጅቷ ኖረች። አምስት ክረምት አለፈች። ግን እያንዳንዱን የምታልፈው በጠባብ በር እየተሹለከለከች ነው፤ የአምናው ክረምት በተለይ ነሐሴን ሙሉ በሳል አቃጥሏት፣ የጎኗ አጥንት አንድ በአንድ እየተቆጠረ ነው መስከረም የጠባላት። ዘንድሮ ሳሉ ሳይቀድም አልቀረም፤ ግንቦት ሳይወጣ ጀምሯታል። ዋጋነሽ ዘይቱ ፒያሳ ካለው ፋርማሲ እንደሚገኝ ሰምታ ሄዳ ነበር፤ ዋጋውን ሰምታ ወጣች። የቀራት ይህ ግቢ ነው።

ተራዋ ሲደርስ ካርዱን በሁለት እጇ አቀረበች። ሲስተር ሙሉወርቅ ልጅቷን በማዳመጫዋ አዳመጠች፣ ጎኗን ዳሰሰች፣ ፊቷም ከበድ አለ። ይቺ በጣም ያስፈልጋታል አለች። ከዚያ ካርዱን አነበበች።

«ወይዘሮ ዙቤዳ እርስዎ ነዎት?»

ዋጋነሽ አይደለሁም አለች፤ ጎረቤት ነኝ፣ እናትየዋ አልተመቻትም ብላ ቀጠለች። ነርሷ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ባለፈው ወር አንዲት ሴት የሰው ልጆች እየተዋሰች መጥታ ሰባት ጠርሙስ ወስዳ ገበያ ላይ ስትሸጥ ተገኘች፣ ከዚያ ወዲህ ለእናት ካልሆነ እንዳልሰጥ ታዝዣለሁ አለች። ተናድዳ አይደለም የተናገረችው፤ እንዲያውም ዓይኗ ከልጅቷ ጎን አልተነሳም። አንድ ጠርሙስ ወደ መሳቢያዋ አስገባች። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት አቆይልዎታለሁ፣ እናት። እናቷ ትምጣና ትፈርም» አለቻት።

ከጤና ጣቢያው እስከ ቤታቸው የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ በልጅ እግር ደግሞ ይረዝማል። ዋጋነሽ ከፊት፣ ልጅቷ ሦስት እርምጃ ከኋላ ሆነው ሄዱ። ሁልጊዜም እንዲህ ነው የሚሄዱት።

ዙቤዳ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ባሏ ሰይፈዲን ሱቅ ነው። ጥራጊን ስታይ ፈገግ ብላ ከወንበሩ ሥር ካለው ሰፌድ ቁራሽ ዳቦ አንስታ በእጇ አስያዘቻትና ሂጂ ተጫወቺ አለቻት። ቀድሞ በእጅ አታስይዛትም ነበር፣ ቆርሳ ነበር የምታጎርሳት። ይህ ካቆመ ቆይቷል፤ ዋጋነሽ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ታውቃለች። አምና በነሐሴ፣ ጥራጊ በሳል እየተቃጠለች በነበረበት በዚያው ሳምንት፣ ምንም ሕመም ያልነበረባትን፣ ደልደል ያለችውን የዙቤዳን ልጅ ሰብሪያን ጉንፋን ያዛት። በአራተኛው ቀን ሞተች።

ልጅቷ ወደ አጥሩ ሮጣ እስክትርቅ ጠብቃ ዋጋነሽ የመጣችበትን ተናገረች። ለመፈረም ብቻ ነው፣ ሰው ልኬ ጋሪ አስመጣልሻለሁ፣ ወዲያው እንመለሳለን አለች። ዙቤዳ ምስሩን መልቀሟን አላቆመችም።

«ዋጌ፣ ያን ጊዜ ከጉድፉ ላይ ሳነሳት አንቺ እንድትጽናኚ ብዬ ነው እንጂ አምኜበት አልነበረም» አለች ዓይኗን ከምስሩ ሳታነሳ። «አምስት ዓመት ሙሉ በጠየቀኝ ሰው ፊት ልጄ ናት አልኩ። አምና የመጣው ነገር የማንን ልጅ ፈልጎ እንደመጣ አላህ ያውቃል። ወደ እኔ ቤት ምን እንደመራው ግን ሌሊት ሌሊት አስባለሁ።»

ይህን ዋጋነሽም አስባዋለች። ከዙቤዳ በፊት ነው ያሰበችው። የሰብሪያን ሞት የሚያረዳው ጩኸት በተሰማበት ማለዳ ከመደቡ ዘላ የወረደችው ወደ ዙቤዳ ለመሮጥ አልነበረም፤ አጎንብሳ የጥራጊን ትንፋሽ ልታዳምጥ ነው። ትንፋሹ ነበረ። ያኔ ደረቷ ውስጥ የተሰማት ነገር ሐዘን አልነበረም። ለቅሶው ላይ ከሁሉም በላይ የጮኸችው እሷ ናት፤ ሰፈሩ ለጎረቤቷ እንዲህ የምታነባ ሴት ብሎ አደነቃት። ዙቤዳ ግን በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ቀና ብላ አንድ ጊዜ አይታት ነበር። ዋጋነሽ ያን አስተያየት እስከ ዛሬ ተሸክማዋለች።

«አልረግምሽም» አለች ዙቤዳ። «ልጅቷንም አልጠላትም፣ እንዴት እጠላታለሁ። ግን ሆዴ ውስጥ ሌላ አለ። ለእሱ ስል ያንን ቃል ሁለተኛ ለሰው ልጅ አላወጣም። ውሰጃት ዋጌ፣ ልጅሽን ውሰጃት።»

ዋጋነሽ ተለማመጠች። አንድ ጊዜ፣ ለፊርማ ብቻ፣ በወረቀት ላይ ብቻ አለች። ዙቤዳ ራሷን ነቀነቀች፤ እንባዋ ምስሩ ላይ ሲወርድ አልጠረገችውም። ፀሐይ አዘቅዝቃ፣ ደመናው ወደ ኮልፌ ተጠግቷል።

ልጅቷን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያው ስትመለስ ዋጋነሽ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምታስበው። ልጄ ናት ካለች ያ የሚወስድባት ነገር ይሰማል። ካላለች ልጅቷ ዕራቁቷን ክረምት ውስጥ ትገባለች። በሁለቱም በኩል ያለው ጉድጓድ ያው ነው፤ አንደኛው ግን ጠርሙስ አለው። ምናልባት በቀን ብርሃን፣ በመንግሥት ቢሮ፣ በጽሑፍ የሚባል ነገር አይቆጠር ይሆናል። ምናልባት ያ ነገር አማርኛ አያነብ ይሆናል። እንዲህ እያለች ራሷን አሞኘች፤ ሞኝነቱንም እያወቀችው አሞኘች። መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ዳር ሲደርሱ ቆም አለችና አጎነበሰች። ነይ ልዘልሽ አለቻት።

ጥራጊ አልገባትም። እትዬ አዝላት አታውቅም። ቀስ ብላ ወጣች፤ እንደ እንጨት ደርቃ፣ እጇን የት እንደምታደርግ ሳታውቅ ተቀመጠች። ዋጋነሽ በነጠላዋ አጥብቃ አሰረቻት። ክብደቷ ባዶ እንሥራ አያክልም። ወንዙን ተሻገሩ፣ ዋጋነሽ ግን አላወረደቻትም። ጀርባዋ ላይ እያንዳንዱ ሳል ሲመታት፣ በአምስቱ ዓመታት ውስጥ ሳትነካቸው የቀረቻቸውን ቀናት ሁሉ አሰበችና አለቀሰች። ጥቂት ከሄዱ በኋላ ልጅቷ ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣለች።

ግቢው ባዶ ነበር። አንድ ዘግይታ የመጣች ሴት ብቻ ሕፃን አቅፋ በረንዳው ላይ ቆማለች። ሲስተር ሙሉወርቅ መዝገቡን ልትዘጋ ነበር። ዋጋነሽን ስታይ ከኋላዋ ሌላ ሴት ፈለገች፤ ማንም የለም። ዋጋነሽ ልጅቷን ከጀርባዋ አወረደች።

«ልጄ ናት» አለች ዋጋነሽ።

ቃሉ ሲወጣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ከዚያ በኋላ ግን ያለማቋረጥ ተናገረች። አራቱን፣ ጉድፉን፣ ዙቤዳን፣ ካርዱ እንዴት እንደተጻፈ፣ ጠዋት ለምን እንደዋሸች፣ ሁሉንም። ነርሷ አላቋረጠቻትም። እንዲህ ያለ ነገር ከእናቷ ሰምታ ታውቅ ይሆናል፣ ፊቷ ቀስ በቀስ ላላ። መሳቢያዋን ከፍታ ጠርሙሱን አወጣች፣ መዝገቡንም ገለጠች። የእናት ስም የሚለው ቦታ ላይ ብዕሯን አሳርፋ፣ ለወጉ ያህል ይመስላል፣ ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች።

«የኔ ቆንጆ፣ እናትሽ ማናት?»

ጥራጊ ቀጥ ብላ ቆመች። ይህን ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ ታውቀዋለች። ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት ዋጋነሽ ትጠይቃታለች፣ እሷም ትመልሳለች፤ ሌላ መልስ ብትሰጪስ ስትላት ደግሞ ክረምት ይወስደኛል ትላለች። ተሳስታ አታውቅም። ዋጋነሽ ራሷን እየነቀነቀች፣ በዓይኗ እየለመነች አየቻት። ልጅቷም አየቻት፤ ፈተና መሰላት።

«ዙቤዳ» አለች።

«ይቺስ?»

«እትዬ ዋጋነሽ ናት። ጎረቤታችን ናት።»

ከዚያም መልሷን አሳምራ እንደተናገረች ልጅ ወደ ዋጋነሽ ቀና ብላ ፈገግ አለች።

የሲስተር ሙሉወርቅ ብዕር ከመዝገቡ ተነሳ። ያቺ ሰባት ጠርሙስ የወሰደችውም ስለ ሞቱ ልጆች እያወራች አልቅሳ ነበር አለች ቀስ ብላ፤ ከንዴት ይልቅ ድካም ነበር ድምፅዋ ላይ ያለው። ነርሷ ጠርሙሱን ከፈተችና አንድ ማንኪያ ሞልታ ለልጅቷ አጠጣቻት። ጥራጊ ፊቷን አኮማትራ ዋጠችው። ይህ ለዛሬ ነው አለች ነርሷ። ከዚያ ክዳኑን ገጥማ ጠርሙሱን በረንዳው ላይ ለቆመችው ሴት ሰጠቻት፣ አስፈረመቻትም።

ከግቢው በር ውጭ የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች አቧራው ላይ መውደቅ ጀምረዋል። ሰው ሁሉ ነጠላውን ራሱ ላይ አድርጎ ወደየቤቱ ይጣደፋል። ዋጋነሽ መንገዱ ዳር ተንበረከከችና የልጅቷን ሁለት ትከሻዎች ያዘች። ቁጣ መስሏት ጥራጊ ዓይኗን ጨፈነች።

«ስሚኝ። እኔ ነኝ እናትሽ። ዙቤዳ አይደለችም፣ እኔ ነኝ የወለድኩሽ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ቢጠይቅሽ…»

ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። በፍርሃት ወደ ወጨጫ፣ ከዚያም ወደ ኋላዋ አየች። በሁለት እጇ የዋጋነሽን አፍ ከደነችው።

«ዝም በይ እትዬ» አለቻት በሹክሹክታ። «ይሰማል።»

ዝናቡ እየበረታ መጣ። ዋጋነሽ ከትንንሾቹ መዳፎች ሥር ከንፈሯን ገጥማ ተንበርክካ ቀረች። መዳፎቹ ያተኩሱ ነበር።